ትርፍ ቀን

መምህር አስናቀው፣ ጠመኔ በጣቱ፣
ክቡን ከክብ ጋራ አስሮ በቀስቱ፣
«ይኸ ቁፋሮ ነው፤ ይኸ ደግሞ መሠረት፤
ከዚህ ግንብ ይወጣል፤ እዚህ ጣሪያ ስጡት።
ከቀስቶቹ መሃል አንዱ ትዕግሥት የለው፤
እሱ አንድ ቀን ቢያድር ሥራው ሁሉ አዳሪ ነው፤
ወሳኝ መስመር በሉት።
የቀረው ግን ሰፊ ነው፤ ቢተኛም ተዉት፤
ዘግይቶም ይደርሳል፤
ያ የተኛበቱ ትርፍ ቀን ይባላል።»

ግንቦት ነው። ኮምቦልቻ ቆርቆሮው ይንጫጫል፤
ከአስፋልቱ ማዶ ሲኖትራክ ያቃስታል፤
ከኋላዬ አንዱ ወንበር ላይ ያንጎላጃል።

የቤት ሥራው ይኸ ነው፦ «አንድ ግንባታ ምረጡ፤
ሄዳችሁ ለኩና መርሐ ግብር አውጡ፤
ለምን እንደ ዘገየ ምክንያቱን አምጡ።»
ገሚሱ ደሴ ወጣ ባለ አምስቱን ፎቅ ሊያይ፣
ገሚሱ ደረቅ ወደብ፣ ከመጋዘኑ ላይ፤
እኔ ሐርቡ ወረድኩ፤
አስራ ሁለት ዓመት ወደ ቆመው ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ።

አባቴን፣ ይመርን፣ የማያውቀው የለም፣
ከገርባ እስከ ባቲ፤ የሱ ግንብ አይጣመም።
የሰው ቤት ጨርሶ፣ ቆርቆሮ አልብሶ፣
ማታ ወደ ራሱ ይመጣል ተመልሶ፤
በር የለው፣ መስኮት የለው፤ እስከ አንገቱ ቆሞ፣
በዛገ ፌሮው ላይ የወፍ ጎጆ ተሸክሞ።

ሜትሬን ዘረጋሁ፤ ደብተሬን ገለጥኩ።
«አባ፣ መሠረቱ መቼ ወጣ?» አልኩ።
«ሦስተኛ ክፍል ሳለሽ፣ ሰኔ ላይ ሲያካፋ።»
«ከዚያስ ለምን ቆመ?»
መልሱ ካፉ ጠፋ።

ከውስጥ ግን፣ ከማዕዘኑ፣ ለስላሳው ድንጋይ ላይ፣
የእርሳስ ጽሕፈት አለ፣ ካልቀረቡት የማይታይ፦

ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ፤ ለዩኒፎርም ዋለ።
የበሩ ጣውላ፤ ለደሴ ቤት ኪራይ።
ቆርቆሮው ይቆይ፤ ልጂቱ ማትሪክ አለባት።
የመስኮቱ ብረት፤ ካልኩሌተር፣ ፍራሽ፣ መሳፈሪያ።

ቀስቶቹን አሰመርኩ፤ ቀናቱን ደመርኩኝ፤
ሌሊት፣ በእጅ ባትሪ፣ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩኝ፤
ወሳኙ መስመር በግድግዳው አላለፈም፤
በአሸዋው፣ በጠጠሩ፣ በጣሪያው አልሄደም፤
በኔ ነው ያለፈ፤
ክፍል ባለፍኩ ቁጥር ረድፉ የተላለፈ።

«ምንድን ነው ትርፍ ቀን?» አለኝ ጠዋት፣ ድንገት።
«ማንም ሳይጎዳ የሚዘገዩበት።»
ሳቀና «እሱማ መዲና ዘንድ ነው፤
አስራ ሁለት ክረምት፣ ኪራይ ቤት፣ አልጋ እየገፋች ከሚያፈሰው፣
መቼ ነው አላለች።»
መዲና ከጓሮ፣ ማሽላ እያበጠረች፣
«ብያለሁ፤ አንተ ነህ ያልሰማኸው» አለች።

ያን ዕለት ሦስት ረድፍ ገነባ በኔ ፊት፤
ውሃ ልኬን አኖርኩ፤ ቱምቢ ጣልኩበት።
ሁለት ጣት ወጥቷል።
ግንቡ የማይጣመም ያ እጅ አርጅቷል።
ልንገረው? ልተወው? ያባቴን ድንጋይ
እኔ ማን ነኝና ጠማማ ነው ባይ?

ነገርኩት።
ቱምቢውን ተቀብሎ አንድ ዐይኑን ጨፈነ፤
ክሩ እስኪረጋ ድረስ እንደ ሰጋጅ ሆነ።
ከዚያ መዶሻውን አነሣ፣ ዝም ብሎ፤
ሦስቱንም አወረደ፣ ያልደረቀ ቡኬቱን በእጁ ፈልፍሎ።
«ጻፊ» አለኝ፣ «አንድ ቀን፣ ዛሬ የባከነ፤
ምክንያት በሚለው ሥር ይመር በይ።»
እንዳለው ሆነ፤
ስሙን ጻፍኩ። ቀኑን ግን ከትርፉ ደመርኩት።

ወረቀቱ ሲመለስ በቀይ እስክሪብቶ፦
«ወሳኝ መስመር ላይ ትርፍ ቀን ከየት መጥቶ?
ይታረም። ሰባት ከአሥር።»

አልታረመም። አጣጥፎ ወሽቆታል ይመር፣
በሁለት ድንጋይ መሃል፣ ከዚያ እርሳስ ጽሕፈት ሥር።